የኸይረዲን ኮት እጅጌ

ልብስ ሰፊዋ መይሙና ባጃጁን አልደረሰችበትም። ኮቱን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ ሜትሩ አንገቷ ላይ እየተወዛወዘ፣ ከጎብዬ ገበያ እስከ አስፋልቱ ብትሮጥም ባጃጁ ወደ ሮቢት ነጉዷል። ውስጥ ያለው ኸይረዲን ዞሮም አላያት። እሁድ ኒካሁ ነው፣ ያገባል።

ሰው ወደ መይሙና በረንዳ የሚመጣው ለስፌቷ ብቻ አይደለም፣ ለአፏም ነው። ጨርቅ ለምትቆርጥላት ለሀሊሜ፣ "የመምህሩን አንገት ቁረጪው" ብላ ስትጮህ መንገደኛው ቆሞ ይስቃል። ሚስት ባሏን ይዛ ስትመጣ ደግሞ፣ "ለኔ ተይው፣ ልክ አስገባልሻለሁ" ትላለች። ባልየው ራሱ ይስቃል።

ኸይረዲን ሊለካ የመጣ ቀንም አፏ አልተያዘላትም። ልጁ ቀኝ እጁን ከክርኑ በላይ ጦርነቱ ወስዶበታል። ግራውን ለክታ ስታበቃ በልማዷ፣ "ሀሊሜ፣ እጁን ቁረጪው" አለች። መንገደኛው ፊቱን አዞረ።

ቀድሞ የሳቀው እሱ ነው። "አንዱንማ ቀድመውሽ ቆርጠውታል እትዬ፣ ዋጋ ቀንሺልኝ" አላት። ሰውም እፎይ ብሎ ሳቀ።

እሷ ግን ፊቷ እንደጋለ ዋለ። ስለ ቁልፉ ጠየቀችው፣ ስለ ገበሩ ጠየቀችው፣ ስለ ቀኝ እጅጌው ግን ደግማ ማንሳት አፈረች። ሲሄድ በራሷ ወሰነች። እጅጌውን እጁ የቆመበት ድረስ ቆርጣ አሳጥራ፣ አጥፋ፣ አሳምራ ዘጋችው። ልክክ ይልለታል ብላ ደስ ብሏት ነበር።

ዛሬ መጥቶ ለካው። መስታወቱ ፊት ብዙ ቆመ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እትዬ፣ ዝጊው ማን አለሽ?" አላት።

"ወላሂ፣ ይሻልሃል ብዬ ነው" አለችው።

"የእጅጌውን ጫፍ ኪሴ ውስጥ ልከተው ነበር። ለአንድ ቀን፣ ሰው ፊት፣ እጅ ያለኝ መስዬ።" ኮቱን በአንድ እጁ ታግሎ አወለቀና የስፌት መኪናዋ ላይ አስቀምጦላት ወጣ። ያኔ ነው ተከትላው የሮጠችው።

አሁን ተመልሳ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣለች። ደንበኛ ሲያልፍ አንገቷን ትደፋለች። ሀሊሜ የተቆረጠውን የእጅጌ ቁራጭ ከጨርቅ ቅዳጁ ውስጥ ፈልጋ አመጣችላት። መልሰው ቢቀጥሉት ስፌቱ ክንዱ መሀል ላይ ይታያል። ሌላ እጅጌ እንዳይቆርጡ፣ ጨርቁን ልጁ ከደሴ ነው ያመጣው፣ እዚህ አይገኝም።

"ቤቱ ድረስ እንሂድ?" አለቻት ሀሊሜ።

"ሄጄስ ምን እለዋለሁ?" አለች መይሙና። "አላውቅም፣ ሀሊሜ። የማደርገውን አላውቅም።"