የአሜሪካው ግማሽ

አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ በነበረው ፍሬም ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን ባለቤቱ ጋሽ ቱሉ የመስታወት መቁረጫ አስያዙኝና "አንዴ ብቻ ነው የሚሳበው፤ ከደገምሽው ይሰበራል" አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ስብርባሪ መስታወት ስቆርጥ ዋልኩ። ወደ ማታ ጣቶቼ በፕላስተር ተጠቅልለው ነበር። ጋሽ ቱሉ አዩና "ነገም ነይ" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የምርቃትና የሠርግ ፎቶ፣ የቅዱሳን ሥዕል፣ የቁርኣን ጥቅስ ፍሬም ሳደርግ ኖርኩ። ሥራው አይለወጥም። መጀመሪያ ይለካል፤ እንጨቱ በአርባ አምስት ዲግሪ ተቆርጦ ይገጣጠማል፤ መስታወቱ ይገባል፤ ጀርባው በሀርድቦርድ ይዘጋል።

ጋሽ ቱሉ አርጅተው ሱቁን ካስረከቡኝ በኋላ፣ አንድ ወንድምና እህት አሮጌ የፈረንጅ ካርታ ይዘው መጡ። በቅርቡ የሞቱት አባታቸው ከአንድ የውጭ አገር መሐንዲስ በስጦታ ያገኙት ነው። ዓለም በሁለት ክብ ተስሏል፤ በግራ አሜሪካ፣ በቀኝ አፍሪካ፣ አውሮፓና እስያ። ቀለሙ በእጅ የተቀባ ነው።

ወንድምየው ደረጀ ሞጆ የመኪና መለዋወጫ ይነግዳል። በሁለቱ ክቦች መሀል ጣቱን እያስኬደ "እትዬ፣ እዚህ ጋ ይቁረጡልንና ሁለት ፍሬም ያድርጉት። ኢትዮጵያ ያለችበት የእኔ ነው" አለኝ።

"እኔስ ኢትዮጵያን አልፈልግም?" አለች እህቱ ሰናይት። ወለንጪቲ ጂኦግራፊ ታስተምራለች።

"ታላቅ እኔ ነኝ።"

"እኔ ይህን አልቆርጥም" አልኳቸው። "ከፈለጋችሁ ሙሉውን ላስገባላችሁ።"

ደረጀ ካርታውን ጠቅልሎ ወጣ።

ከወራት በኋላ ሰናይት ብቻዋን ተመለሰች። የደረሳት የአሜሪካው ግማሽ ነው። በመቀስ ስለተቆረጠ ጠርዙ ተንጋዷል። ስለካው ካርታው ላይ ያሉትን ትንንሽ ሥዕሎች ልብ ብዬ አየሁ። ላባ የለበሱ ሰዎች እሳት ዙሪያ ቆመው የሰው እግር ይጠብሳሉ።

"እንዲህ ያደርጉ ነበር እንዴ?" አልኳት።

"የሳለው ሰውዬ አገሩን ረግጦት አያውቅ ይሆናል። መርከበኛ ያወራውን እየሰሙ ነበር የሚስሉት። ይኸው፣ ካሊፎርኒያን ደሴት አድርገዋታል።" በተንጋደደው ጠርዝ ላይ ጣቷን አስኬደችና "ፍሬሙን በሙሉው ካርታ ልክ ይሥሩልኝ" አለች።

"ቀኙ ባዶ ሊሆን?"

"ባዶ ይሁን።"

እንዳለችኝ ሠራሁላት።

ደረጀ ለአባታቸው ሙት ዓመት እህቱ ቤት ሄዶ ባዶውን ቦታ ግድግዳ ላይ አየው። በሳምንቱ ሁለቱም ሱቄ መጡ፤ እሷ ፍሬሙን፣ እሱ የተጠቀለለውን ግማሽ ይዘው።

"አልሰቀልከውም ነበር?" አልኩት።

"ሳየው ደስ አይለኝም" አለ። ወደ እህቱ አላየም።

ጀርባውን ከፍቼ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አቆራረጡ ቀጥ ያለ ስላልነበር መሀል ላይ ጠማማ ክፍተት ቀረ።

"ይሄ መስመር አይጠፋም?" አለ ደረጀ።

"አይጠፋም።"

"ይታይ፣ ምን አለበት" አለች ሰናይት።

ማን ቤት እንደሚሰቀል አልጠየቅኩም። አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እሱ ይዘው ባጃጅ ውስጥ አስገቡት።

አሁን አብረውኝ ለሚሠሩት የምነግራቸው ይህን ነው። እንጨት ቢበላሽ ሌላ እንጨት አለ፤ መስታወት ቢሰበር ሌላ ይገዛል። ደንበኛ ያመጣው ወረቀት ግን ምትክ የለውም። ባለቤቱ ራሱ ቁረጡ ቢላችሁም አትቁረጡ። ሌላ ቦታ ሄዶ ያስቆርጠው ይሆናል፤ ያንን ማስቀረት አንችልም።