እንግዳ የጨረሰው እንፋሎት

ሣህሌ ገብረ መድህን ክረምት ከበጋ ጋቢ የማይለየው የአሰላ ልጅ ነበር። ስለዚህ በ1974 ዓ.ም. ከኦጎልቾ ማዶ፣ ምድር በምትፈላበት ኮረብታ ላይ ሲቀጠር ዘመዶቹ «ማሞቂያ አገኘ» ብለው ሳቁበት። ሥራው ለኤሌክትሪክ ኃይል የተቆፈረውን የእንፋሎት ጉድጓድ መጠበቅ፣ የግፊት መለኪያውን በየማለዳው ማንበብና ያነበበውን በሦስት ቅጂ ጽፎ ወደ መሥሪያ ቤቱ መላክ ነበር።

ከጉድጓዱ በላይ ሀሊሜ የሚባሉ ፍየል አርቢ መበለት ይኖሩ ነበር። በአካባቢው ያለው ውሃ ከታች ያለው ሐይቅ ብቻ ነው፤ እሱም ግማሽ ቀን ያስኬዳል። እሳቸውም እንደ እናታቸው፣ ከአለት ስንጥቅ የሚወጣውን እንፋሎት በቅጠልና በጭቃ ይከድኑና የሚንጠባጠበውን ውሃ ያጠራቅማሉ፤ ሲነጋ አንድ እንስራ ይሞላል። ሣህሌ ማንም ሳያዘው ይህንንም «አስተያየት» በሚለው ዓምድ ይመዘግብ ጀመር፦ «ሀሊሜ፣ አንድ እንስራ።»

መከራው በእንግዳ መጣ። እንፋሎቱ ስንት ዘመን እንደሚዘልቅ የሚያጠና ቡድን በደረሰ ቁጥር ጉድጓዱ ይከፈታል፤ እንግዳን ምንም ሳያሳዩ መሸኘት ነውር ነውና፣ ደመና እስኪመስል ይለቀቃል። ጥናቱ በበዛ ቁጥር የሚጠናው አነሰ። «ሀሊሜ፣ ግማሽ።» «ሀሊሜ፣ አንድ ጣሳ።» ሣህሌ አምስት ጊዜ «ይዘጋልን» ብሎ ጻፈ። መልስ አልተነፈገም፤ ጉዳዩን የሚያጣራ ሌላ ቡድን ተላከለት።

በድርቁ ዓመት፣ በ1977 መስከረም፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረ። ሀሊሜ ባዶ ጣሳቸውን ገልብጠው አሳዩት።

«ሣህሌ ልጄ፣ እንፋሎትህ እንግዳ ይወዳል። እኔንም አንድ ቀን እንግዳ ብለህ ጻፈኝ።»

«አዴ ሀሊሜ፣ ዛሬስ አልከፍትም።»

«ባለፈውም እንዲህ ብለኸኝ፣ እንደ ሚዜ ሮጠህ ከፈትክላቸው።»

ሣህሌ ጉድጓዱ የሚከፈትበትን የቫልቭ መዘውር ፈትቶ ገደል ወረወረው።

«ጓድ፣ መዘውሩ የት ሄደ?» አለ እንግዶቹን ይዞ የደረሰው የቡድኑ መሪ።

«ጠፋብኝ፣ ጓድ።»

«አብዮት በመዘውር አይቆምም!» መሪው ከመኪናው ትልቅ መፍቻ አስመጣና ለራሱ ለሣህሌ ሰጠው። እምቢ ያሉ ሰዎች የሚወሰዱበትን ሣህሌ ያውቃል። ከፈተው። እንፋሎቱ ከሰው ወገብ ሳያልፍ ትንሽ ትንሽ ቦለል አለ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ «ዘላቂ ነው» ተብሎ ተፈረመ።

በማግስቱ ሀሊሜ ቅጠሉን ገልጠው እጃቸውን ሰደዱ፤ ደረቅ ነበር። ሣህሌ ቅጹ ላይ «ሀሊሜ፣» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተነሣ። ውሃ ሊቀዳላቸው እንስራቸውን ተሸክሞ ወደ ሐይቁ ወረደ።

ሲመለስ ሀሊሜም ፍየሎቻቸውም አልነበሩም። የደረቀውን ስንጥቅ ግን መልሰው፣ በጥንቃቄ፣ በቅጠል ከድነውት ሄደዋል።