የከድጃ ስም የለሽ ቁልቋሎች

ወረታ ችግኝ ጣቢያ የተቀጠርኩት አፈር እንድነፋ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ወንፊቴን ይዤ ከአፈሩ ክምር አጠገብ እንደቆምኩ የጣቢያው ኃላፊ ጋሼ ጌታነህ ጠሩኝና ጥላ ሥር ወደተደረደሩ የአበባ ሳክሲዎች ወሰዱኝ። ሦስት ተክሎች ነበሩ፤ ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም እሾሃም። ምን እንደሆኑ ጠየቁኝ። ሁሉም ቁልቋል ነው አልኳቸው።

አልሳቁብኝም። ከደረት ኪሳቸው መርፌ አወጡና እያንዳንዱን ወጋ አደረጉት። ካንዱ ወተት ፈሰሰ። ካንዱ ጥርት ያለ ውሃ ብቻ ወጣ። ካንዱ ደግሞ ቢጫ፣ ገና ሳይቀምሱት የሚመር ፈሳሽ ተንጠባጠበ።

«ወተት ያለው ቁልቋል ነው፤ ዓይንሽን ሳትነኪ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ» አሉኝ። «ውሃ ብቻ ያለውንና እሾሁ ከጥጥ ነጠብጣብ ላይ የበቀለውን የበለስ ዘመድ በይው። ይሄ እሬት ነው።»

ያን ቀን አፈር መንፋቴን እንጃ። ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ የሰው አጥር ሁሉ እያስቆመኝ፣ ይሄ ወተት አለው፣ ይሄ የለውም እያልኩ ከመሸ ገባሁ።

ከአፈር ነፊነት ወደ ችግኝ ተንከባካቢነት፣ ጋሼ ጌታነህ ጡረታ ወጥተው ደብረ ታቦር ሲገቡ ደግሞ ወደ ኃላፊነት አደግኩ። የጣቢያው ዋና ሥራ ማንጎ፣ ግራርና ዋንዛ ማፍላት ነው። እሾሃሞቹ የእኔ ፍቅር ነበሩ። የፎገራ መረሬ፣ ያ ጥቁር ጭቃ አፈር፣ ለሩዝ እንጂ ለእነሱ አይሆንም፤ ውሃ ይዞ ሥራቸውን ያበሰብሰዋል። ስለዚህ ከርብ ወንዝ አሸዋ እያስመጣሁ ከአፈር ይልቅ አሸዋ የበዛበት ድብልቅ አዘጋጅላቸው ነበር።

ከድጃን ያገናኘኝም ይኸው አሸዋ ነው። ከድጃ ወረታ ገበያ ላይ ፕላስቲክ ዕቃ ትሸጥ የነበረች ነጋዴ ናት። አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር እሾሃም ተክሎች በካርቶን አምጥታ ብትሸጥ ገበያው ወደደላት። ችግሩ ስም አልነበራቸውም። ገዢ ሲጠይቃት አፏ እንዳመጣላት ትመልሳለች። ክረምት ሲገባ ተክሎቹ መበስበስ ጀመሩና አሸዋ ፍለጋ ጣቢያ መጣች። አሸዋውን ሰጠኋት፤ በምላሹ አዲስ ካርቶን በመጣ ቁጥር ከመሸጧ በፊት እንዳየው ተስማማን።

ካርቶን የመጣ ቀን እንቅልፍ የለኝም ነበር። በመጀመሪያ እሾሁን አያለሁ፤ ከጥጥ ነጠብጣብ ነው የወጣው ወይስ ከገላው? ቀጥሎ መርፌ። ቀጥሎ ቅጠል ካለው ቅጠሉን ሰብሬ እስባለሁ።

አንድ ቀን ከጣራ ገዳም በኩል አንድ አባት ይፋግ ገበያ የገዙትን ተክል በነጠላ ጠቅልለው መጡ። እግራቸው ላይ ቁስል ነበረ፤ እሬት ነው ብለዋቸው ሊቀቡት ነው። ቅጠሉን ሰብሬ ስስበው ክር ተከታትሎ ወጣ። ቃጫ ነው። የቃጫ ውሃ ደህናውን ቆዳ እንኳ ያሳክካል፤ ያቆጠቁጣል።

«አባቴ፣ ይሄን ቢቀቡት ቁስልዎ ይብስበት ነበር» አልኳቸው። ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ለምኜ ሸኘኋቸው። ተክሉን ለአጥር አስቀሩት።

እንግዲህ ያ ስም የለሽ ተክል በከድጃ ካርቶን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንደ ጣት የሚወፍር፣ አራት ማዕዘን ግንድ አለው። እሾህ የለውም። ወተትም የለውም። ብወጋው፣ ባሸተው፣ ብመረምረው አላወቅኩትም። ልቤ በደስታ ይመታ ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የማላውቀው ተክል እጄ ገባ። አንዱን ጣቢያ ተከልኩና አበባ እስኪያወጣ ቀሪውን እንዳትሸጥ ለከድጃ ነገርኳት። እሷ ግን አንዱን አስቀድማ ለወይዘሮ የሺ ሸጣለች። የሺ በጎንደር መንገድ ዳር ምግብ ቤት አላት።

አንድ ቀን ከድጃ ደውላ በፍጥነት ገበያ እንድደርስላት ጠየቀችኝ። ስደርስ ሰው ተከማችቷል። የሺ ሳክሲውን ከድጃ ፊት አስቀምጣ ታለቅሳለች። ምግብ ቤቷ የሞተ እንስሳ ይሸታል፤ ቁምሳጥን ተነሥቷል፣ ወለል ታጥቧል፣ ደንበኛ ሸሽቷል። በመጨረሻ ሽታው ከዚህ ተክል እንደሆነ ደረሱበት። ከሕዝቡ መሃል ድግምት ተደርጎበት ነው የሚል ድምፅ ተሰማ። ከድጃ ፊቷ አመድ መስሏል።

«እትዬ ሙሉ፣ ወላሂ እኔ የማውቀው ነገር የለም» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። አምስት ጨረር ያለው፣ ኮከብ የመሰለ ትልቅ አበባ ነው። ገላው የደረቀ ሥጋ ይመስላል፤ ጠጉርም አለው። ዝንቦች ወረውታል። አፍንጫዬን ይዤ ሳቄ መጣ፤ እንዲህ ያለ አበባ አይቼ አላውቅም። በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ለጋሼ ጌታነህ ላክሁ። ወዲያው ደወሉ። በደስታ እንደ ልጅ ነበር የሚናገሩት። ስታፔሊያ የሚባል ተክል ሳይሆን አይቀርም፣ ሌላው አበባ ንብ እንደሚጠራ ይሄም በመጥፎ ጠረኑ ዝንብ ይጠራል አሉኝ። ግን ከፎቶ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። አንዱን ጣቢያ እንደተከልኩ ነገርኳቸው።

«ጣቢያ ያለው እንቡጥ ይዞ ከሆነ ጠብቂው» አሉ። «እሱም ከሸተተ ድግምት አይደለም፤ ጠባዩ ነው።»

እንቡጥ ይዞ ነበር፤ ተነፍቶ ሊፈነዳ ደርሷል። የሺንና ከድጃን በማግሥቱ ጠዋት እንዲመጡ ለመንኳቸው። ባይሸት ከድጃ ገበያው ውስጥ ዳግመኛ ማንም እንደማያምናት ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

መጡ። ራቅ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል እንቡጡ ካንድ ጎን ተሰነጠቀ። ጨረሮቹ አንድ በአንድ ወደኋላ ተገለበጡ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ዝንብ መጣ፣ ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ሽታው ደረሰን። የሺ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቀች ነው። ከድጃን አቅፋ ሳመቻት።

የራሷን መልሳ ወሰደችና ከምግብ ቤቱ ርቆ ከአጥሩ ውጭ አኖረችው። ባበበ ቁጥር ሰው ሊያየው ይመጣል፤ አይቶም ምሳ ይበላል። በአገራችን ቋንቋ ስም አላገኘሁለትም፤ ከድጃ የዝንብ ኮከብ ብላ ትሸጠዋለች። ስትሸጥ ስለ ሽታው አስቀድማ ትናገራለች፤ ሰው ይበልጥ የሚገዛው ለዚያ ነው።

በዚህ ሥራ ያሉ ወጣቶች ቶሎ ስም እንዲሰጡ ይጠየቃሉ። ያላወቃችሁትን ተክል አላወቅኩትም በሉ፤ አበባውን ሳታዩም አትሽጡ።