የአማቴ ላንድሮቨር የተነሣች ዕለት

ሌላው ሰው በመህር ጥሎሽ ያገባል፤ እኔ ያገባሁት በመኪና ነው። መኪናዋም የኔ አልነበረችም፤ የአማቴ ነበረች።

መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኔ መካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ አንዲት የስፌት መኪና ይዤ ሱሪ አጠብባለሁ፣ ቀሚስ እሰፋለሁ፣ ከሁሉም በላይ ግን አወራለሁ። ደንበኛ ሱሪውን ሊወስድ ይመጣና ወሬዬን ሲሰማ ውሎ ሱሪውን ረስቶ ይሄዳል። አንድ ሰሞን ከከተማው ወንድ እኩሌታው በጋቢ ብቻ የሄደው በኔ ምክንያት ነው።

በዚህ ሁሉ ወሬ የማትስቅ አንዲት ልጅ ነበረች። የእህል ነጋዴው የሐጂ ልጅ ናት። ጨርቅ ይዛ ትመጣለች፣ የማወራውን እስከ መጨረሻው ታዳምጣለች፣ ከዚያ ፊቷ ሳይፈታ «ይኼኛው ውሸት እጅጌው ረዝሟል፤ አሳጥረው» ብላኝ ትሄዳለች። ምን ልበላችሁ፣ ያን ጊዜ አበቃልኝ።

ሽማግሌ ላክሁ። ሐጂ ደግ ሰው ናቸው፤ በሕይወታቸው እምቢ ማለት አያውቁም። እምቢ ያሉት እኔን ብቻ ነው። ልጄን ለወሬኛ አልድርም፣ ወሬ ጎጆ አያቆምም አሉ። ዋናው ሽማግሌ፣ ከምሳ ይልቅ ክርክር የሚወዱ ብልጥ አዛውንት፣ እኔን ከፍ ለማድረግ ብለው «እንዴ ሐጂ፣ ልጁ እኮ ባለ መኪና ነው» አሏቸው። የስፌቷን ማለታቸው ነው። ሐጂም ይህን ያውቃሉ። ግቢያቸው ጥግ ወደቆመችው ላንድሮቨር በአገጫቸው አመለከቱ። ጎማዋ መሬት ገብቷል፣ በኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ታቅፋለች።

«ባለ መኪና ከሆነማ ያቺን ያስነሣና ልጄን ይውሰዳ» አሉ።

ሰማይ መሬት ሲሆን ማለታቸው ነበር። ሽማግሌው ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሁለቱንም እጃቸውን ዘርግተው በቃሉ ላይ ዱዓ አደረጉበት። ቤቱ በሙሉ «አሚን» አለ። ሐጂም ከልማድ የተነሣ ቀድመው «አሚን» ብለው ነበር፤ ያሉትን ያወቁት ፊታቸውን በእጃቸው ከዳበሱ በኋላ ነው። በኛ አገር ደግሞ ዱዓ የተደረገበት ቃል ተመልሶ አይዋጥም።

እኔ ስለ ሞተር የማውቀው በእግር ሲረገጥ መርፌ እንደሚወጋ ነው። በደሴ መስመር ጭነት የሚነዳ ጓደኛ ግን ነበረኝ፤ ክርስቲያን ነው፣ ትከሻው በር ሙሉ፣ ሞተርን እንደ በሬ እያባበለ የሚናገር። ኮፈኗን ከፈተና ውስጡን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። «ይቺ መኪና አይደለችም፤ የመኪና ቤት ናት። ሰዎቹ የታሉ?» አለኝ።

ሰዎቹማ ውሰት ሄደዋል። መኪናው በመንገድ የተበላሸበት ሾፌር ሁሉ ሐጂ ደጅ ይመጣ ነበር፤ እሳቸውም ከላንድሮቨሯ እየፈቱ ያውሳሉ። የሄደው ሁሉ የት እንዳለ ግን አልረሱም። ስጠይቃቸው፣ ሩቅ አገር ስለዳሯቸው ልጆች እንደሚያወራ አባት ሆኑ። ካርቡራተሯ ወረኢሉ ገብታለች። ራዲያተሩ ደጎሎ ነው፤ ከሄደ ወሬው ጠፍቷል። አንዱ ቸርኬ እዚሁ ትምህርት ቤት ነው፣ ደህና ነው፣ ድምፁን በየጧቱ ይሰሙታል።

እውነትም ቸርኬው የትምህርት ቤቱ ደወል ሆኖ ባሕር ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። ዳይሬክተሩ በምትኩ የሚጮህ ነገር ካመጣሁ እንደሚሰጡኝ ነገሩኝ፤ ያረጀ ማረሻ ሰቀልኩላቸው። በማግስቱ ተማሪው ቤቱ ቀረ። ቀጥቃጭ የሚሠራ መስሎት ነው። ማረሻው ላይ ሌላ ማረሻ ጨምሬ፣ ድምፁ ጎጃም እስኪሰማ ድረስ አስተካክዬ ተገላገልኩ።

ወረኢሉ ስደርስ ካርቡራተሯ የአንድ አዛውንት በር እንዳይዘጋ ደግፋ ተቀምጣለች። አዛውንቱ አልከለከሉኝም፤ ነገር ግን በሩ ከተዘጋ እንግዳ ይቀርብናል ብለው፣ ልኳን የሚያህል ድንጋይ ፈልጌ እስካመጣ አልለቀቁኝም። ወረኢሉ ውስጥ የካርቡራተር መልክ ያለው ድንጋይ መፈለግ ምን እንደሚመስል የፈለገ ይጠይቀኝ።

ደጎሎ ላይ ግን ጉድ ጠበቀኝ። ራዲያተሩን የተዋሰው ሾፌር መኪናውን ሽጦ ከሄደ ቆይቷል፤ ራዲያተሩ አማቱ ዘንድ ቀርቷል። አማትየዋ አረቄ አውጪ ናቸው። እንፋሎቱ የሚቀዘቅዘው በሐጂ ራዲያተር ውስጥ አልፎ ነው! በዚያ ያለፈ አረቄ ጉልበቱ ሌላ ነው፣ የጠጣ ሰው ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ይወጣል ብለው ሴትዮዋ ራሳቸው ነገሩኝ። በገንዘብ አልሰጥም አሉ። ጥልፍ ያለው ካባ ሰፍቼላቸው፣ ካባውን ለብሰው ጎረቤት ሁሉ ካየላቸው በኋላ ራዲያተሩን በገዛ እጃቸው ፈቱልኝ።

አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ጭኜ ስመለስ ከታች የተቀመጠው መንገደኛ ሲዘፍን መጣ። ጓደኛዬ ራዲያተሩን በፈላ ውሃ አጠበው፣ በአመድ አሸው፣ በሎሚ ደገመው። አሽትቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ሲቀዘቅዝ አይሸትም። እንዳይሞቅ ጸልይ» አለኝ።

ጓደኛዬ ሁሉንም በየቦታው ገጠመ፤ መኪናዋን የምናስነሣበት ቀን ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተደረደሩ። ሐጂ አዲስ ቆብ አድርገዋል። ልጅቷ በር ጀርባ እንዳለች አውቃለሁ፤ ልቤ ከሞተሩ በፊት ተነሥቷል። ጓደኛዬ ከፊት ያለውን የብረት እጀታ ይዞ ማሽከርከር ጀመረ። መኪናዋን አሳላት። ደግሞ አሳላት። ከዚያ ግቢው እስኪናወጥ ጮኸች፤ ዶሮዋ ጫጩቶቿን ጥላ በመስኮት ወጣች፣ ሽማግሌዎቹ «አላሁ አክበር» ብለው ብድግ አሉ። እኔ የዘለልኩት ዝላይ ከጣሪያው በላይ ነበር፤ የሐጂን ጣሪያ ያን ቀን ነው ከላይ ያየሁት።

ገና ሳልወርድ ራዲያተሩ ሞቀ። ነጭ እንፋሎት ከኮፈኑ ሥር ወጣ፣ ግቢውን ሞላው። ሐጂ አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ።

«ይኼ ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሸት ጠፋኝ። ጓደኛዬ ደረሰልኝ፦ «ሐጂ፣ ደጎሎ የሰው ቤት ከርሞ ነው። ሰው ቤት የከረመ የቤቱን ይሸታል።»

ሐጂ ነገሩ ገባቸው። ፊታቸው ጠቆረ። አረቄ በግቢያቸው አልፎ አያውቅም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ይዞ የመጣ አማች ሊሆነኝ አይችልም ሊሉ እንደሆነ ከቅንድባቸው አነበብኩ። ሁሉ ነገር ያከተመ መሰለኝ። ያኔ ዋናው ሽማግሌ ተረጋግተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሐጂ፣ ዱዓ ያደረግነው መኪናዋ ትነሣ ብለን ነው። ትስገድ አላልንም።»

የሐጂ ጢም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቁጣ ነው ብዬ ወደ በሩ ስፈገፍግ፣ ሳቅ ሆኖ ፈነዳ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ እኛን ሁሉ ትተው ጋቢናው ውስጥ ገቡና መሪውን ዳበሱት። ቢስሚላህ ብለው ግቢውን ለቀው ወጡ። ልጅም፣ ሽማግሌም፣ አማችም ረስተው ከተማውን ዞሩ። የመካነ ሰላም አህያ ሁሉ ያን ቀን ባለቤቱን ጥሎ ሮጧል። ተመልሰው ሲወርዱ ቆባቸው ጠሟል፣ ዕድሜያቸው በግማሽ ቀንሷል።

«የኔን ቃል ፈጽሜያለሁ። አሁን ልጅቷ ትጠየቅ» አሉ።

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ላንድሮቨር ሳሳድድ ልጅቷን የጠየቀ ሰው እንደሌለ ያኔ ገባኝ። ሽማግሌው በሩ አጠገብ ሄደው ጠየቁ። በሩ ገርበብ አለ።

«እሱን እሺ፤ መኪናዋን ግን እምቢ። አረቄ እየሸተትኩ አልዳርም» አለች።

በኒካው ቀን በእግሯ ሄደች። እኔ ራሴ የሰፋሁት ሱፍ ብብቴን ይዞኝ ከጎኗ እከንፋለሁ፤ ሐጂ ብቻቸውን ላንድሮቨሯን እየነዱ፣ ክላክስ እያስጮሁ ከኋላ ይከተላሉ። ዳገቱ ላይ መኪናዋ ደከማትና ወደ ኋላ ቀረች። አማቴ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ወደ እኔ ጮኹ፦

«ቀስ በይ በላት እንጂ፣ አልደረስንባችሁም!»

ቀስ እንድትል ነገርኳት። አልሰማችኝም።