ፈተናው በአውቶቡስ ተጀመረ

መጀመሪያ ዊልቸሩን ገለበጠችው። ዳዶውን በቁልፍ ፈትታ ጎማውን አወጣች፤ ኩሽኔታውን በጨርቅ ጠርጋ አዲስ ግራሶ በአውራ ጣቷ ጠቀጠቀችበት። ጎማውን መልሳ አሰረች፣ አሽከረከረችው፣ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። ኮሽታ የለም። ከዚያ ዘይት የነካ ጨርቅ አንስታ ብረት የተባለውን ሁሉ ወለወለችው። ብስክሌት ጠጋኟ እንዲህ ናት፤ ከአባቷ በወረሰችው ሱቅ የገባ ብረት ሳያብረቀርቅ አይወጣም። ያን ዕለት ጠዋት ደግሞ እጇ ጭራሽ አላርፍ ብሏት ነበር።

«እታለም፣ ሙሽራ አደረግሽኝ እኮ!» አላት ታናሽ ወንድሟ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ክራቫቱን እያሰረ።

ከልጅነቱ ጀምሮ እግሮቹ አይታዘዙትም፤ አፉ ግን ለአፍታ አያርፍም። የሰፈሩ ሰው «ሬዲዮ» የሚለው ለዚህ ነው። እነሆ ዛሬ እውነተኛው ሬዲዮ ጣቢያ የኳስ ጨዋታ አስተላላፊ ሊቀጥር ለድምፅ ፈተና ጠርቶታል። አራት ሰዓት ሲሆን በሩ ይዘጋል።

መወጣጫ ያለው አውቶቡስ በሰፈራቸው ሥራ የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ረዳቱ መወጣጫውን ዘረጋ፤ እሷ ገፋች፤ ሬዲዮ ማንም ሳይሸከመው ሽቅብ ገባ። ተያይተው እንደ ሕፃን ሳቁ።

«የት ነው የሚወርደው?» ብሎ ረዳቱ እሷን ጠየቃት።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? አፍ አለው፤ ያውም ትርፍ።»

አውቶቡሱ የመጀመሪያውን ኩርባ ሲዞር ዊልቸሩ ፍሬኑ እንደተያዘ ተንሸራተተ።

«ሬዲዮ በግራ መስመር ሰብሮ ገባ!» ብሎ ጮኸ ራሱ ሬዲዮ። «ተከላካዮቹ ቆመው ያያሉ! እናቴ፣ እግርዎን ይሰብስቡ!»

ዘንቢል ያቀፉት ሴትዮ እግራቸውን ሰበሰቡ። አንድ ወፍራም ሰውዬ በጉልበቱ አገደው።

«በረኛው ያዘው!»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። እሷ ግን አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ የፍሬኑን ላስቲክ በጣቷ ነካችው። ሙልጭልጭ ይላል። ፊቷ ጋለ። በደስታ ብዛት ፍሬኑንም በዘይት ወልውላዋለች! ለደንበኛ እንዲህ ብትሠራ፣ አባቷ ቢኖሩ ከሱቁ ያባርሯት ነበር።

ሹፌሩ ጥግ ይዞ አቆመና መጣ። «ፍሬን የማይዝ ዊልቸር ይዤ አልሄድም። ሰው ይጎዳል። ውረዱና ቀጣዩን ጠብቁ።»

ቀጣዩ እስኪመጣ የፈተናው በር ይዘጋል።

«ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችው። «ትንሽ ብቻ ይታገሱኝ።»

ከኪሷ ከአሮጌ ጎማ የተቀደደ ረጅም ላስቲክ መዘዘች፤ ብስክሌት ጠጋኝ ያለሱ ከቤት አይወጣም። ዊልቸሩን ከአውቶቡሱ ቋሚ ብረት ጋር አጠላልፋ፣ በእጇም በጥርሷም ጎትታ ጥፍር አድርጋ አሰረችው።

«አሁን ይግፉት!»

ሹፌሩ ገፋ። በትከሻው ገፋ። ንቅንቅ የለም።

«አንተ ልጅ፣ ይልቅ ሄደህ መሪህን ያዝ!» አሉት ባለ ዘንቢሏ። «ረፈደበት እኮ!»

ሹፌሩ ወደ መሪው ተመለሰ። ሬዲዮ ጣቢያው ፌርማታ ጋ ሲደርሱ ተሳፋሪው ሁሉ ለመርዳት ተነሳ። ሁለት ጎረምሶች ምንም ሳይጠይቁት ዊልቸሩን ከግራና ከቀኝ ብድግ አድርገው ወደ በሩ ሳቡት።

«ኧረ ወንድሞቼ፣ ታስሬያለሁ!»

ላስቲኩ ተለጥጦ መልሶ ጎተታቸው፤ አንደኛው ሬዲዮ ጭን ላይ ዘፍ አለ።

«ቅጣት ምት!» አለ ሬዲዮ።

ፈታችው፤ መወጣጫው ተዘረጋ፤ እየሮጠች ገፋችው። ዘበኛው በሩን እየሳበ ሳለ ሾልከው ገቡ። ፈተናው እስኪያልቅ ኮሪደሩን በእግሯ ለካችው። ሲወጣ መጀመሪያ ያየችው ጥርሱን ነው።

«እታለም፣ ቅዳሜ ስታዲየም ነኝ!»

አሁን በየቅዳሜው በዚያው መስመር አብረው ይሄዳሉ። ብስክሌት ጠጋኟም ይህን ለምታነቡ አንድ አደራ አላት፦ «እርዳታችሁን አልጠላም፤ እግዜር ይስጣችሁ። ግን እጃችሁን ከመስደዳችሁ በፊት ‹የት ጋ ልያዝ?› ብላችሁ እሱን ራሱን ጠይቁት። ይነግራችኋል። ሲበዛም ይነግራችኋል፤ እባካችሁ ታገሱት።»