ኖርማንዲ ላይ ያጠፋሁት መልእክት

ይህን ለባሌ አልነገርኩም፣ ለእህቴም አልነገርኩም። እኛ ቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባት የለም፤ ሰው በጓዳው ሆኖ ለጌታ ይናገራል። ለጌታ ተናግሬአለሁ። እሱ ግን ሳልነግረውም ያውቅ ስለነበር የተናገርኩ አልመሰለኝም። ስለዚህ ምንም ለማታውቁት ለእናንተ እናገራለሁ።

ያደረግኩት ይህ ነው። የጓደኛዬ አባት ሊሞቱ ሲሉ ልጃቸውን አስጠሩ። ጥሪው በእኔ ስልክ መጣ። ሰማሁት፤ ከዚያም አጠፋሁት።

ነጃት ትባላለች። የተዋወቅነው ዴንቨር ኤርፖርት ነው። ሁለታችንም መኪና የሚያከራይ ድርጅት ተቀጥረን፣ መንገደኞችን ከተርሚናሉ ወደ መኪኖቹ ግቢ የሚያመላልስ አውቶቡስ እንነዳ ነበር። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ እሷ ሙስሊም የመርካቶ ልጅ ናት። እሷ ስትሰግድ ዙሯን እኔ እነዳለሁ፤ እሁድ ቸርች ስሄድ ሺፍቴን እሷ ትሸፍናለች። ከዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ውስጥ አንድ አፓርታማ ግቢ ነበር የምንኖረው። ሁልጊዜ የሰው ሻንጣ እናነሳለን፤ የሰው ጉዞ ወሬ እንሰማለን። አንድ ቀን ነጃት ወገቧን ይዛ፣ «ሰኒ፣ የኛንስ ሻንጣ ማን ነው የሚያነሳልን?» አለችኝ። ሁለታችንም ዜግነት አግኝተን ፓስፖርት እንዳወጣን፣ ፈረንሳይ እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ።

ልጅ ሆኜ የካቶሊክ እህቶች ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ተምሬአለሁ። የመጽሐፋችን ሽፋን ላይ የሞን ሳን ሚሼል ፎቶ ነበር፤ ባሕር መሀል የቆመ አለት፣ አለቱ ጫፍ ላይ ገዳም። ያንን ቦታ ሳላይ እንዳልሞት እመኝ ነበር። ነጃት ስለ ቦታው ሰምታም አታውቅም። የመጣችው እኔ ስለፈለግኩ ነው።

ፓሪስ ላይ የተከራየነው መኪና ማርሹ በእጅ የሚቀየር ሆነ። እኔ መንዳት የተማርኩት አሜሪካ ስለሆነ እሱን አልችልም። ነጃት ትችላለች። አባቷ አዲስ አበባ የታክሲ ሹፌር ነበሩ፤ ገና ተማሪ ሳለች እሁድ እሁድ ጃንሜዳ እየወሰዱ አስተምረዋታል። ስለዚህ የነዳችው እሷ ናት። በጠባቡ የገጠር መንገድ፣ በስንዴው መሀል፣ ድንጋይ ቤቶች በተደረደሩባቸው መንደሮች ስታሳልፈን፣ ማርሽ በለወጠች ቁጥር «አባዬ አሁን ቢያየኝ!» ትላለች። ወንዝ ላይ የተሠራ ቤተ መንግሥት አየን። እኔ ጣሪያውን አንጋጥጬ ሳደንቅ፣ እሷ «ይሄን ሁሉ መስኮት ማን ይወለውለዋል?» ብላ አሳቀችኝ። ደስተኛ ነበርን። ይህን የምናገረው እውነት ስለሆነ እንጂ ጥፋቴን እንዲያቀልልኝ አይደለም።

የእሷ ስልክ አውሮፓ አይሠራም፤ የእኔ ግን ይሠራል። ቤተሰቧ ሲፈልጓት በእኔ እንዲደውሉ ተስማምተናል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኖርማንዲ ውስጥ ፖም ዛፎች መሀል አንዲት አሮጊት የሚያከራዩት ቤት ደረስን። ነጃት ደክሟት ጋደም አለች። እኔ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ላይኛው መንገድ ወጣሁ፤ ቮይስ ሜይል ገብቶ አገኘሁ። የነጃት ወንድም ነበር።

«ሰኒ፣ ጀማል ነኝ፣ ከአዲስ አበባ። አባዬ በጣም ታሟል። ሐኪሞቹ ልጆቹ ይሰብሰቡ ብለውናል። ስሟን እየጠራ ነው። ሳትደነግጥ ንገሪያትና ከፓሪስ በቀጥታ ትምጣ። አደራሽን።»

ሁለት ጊዜ ሰማሁት። አጥሩ ጋ ላሞች ቆመው ያዩኛል። ሞን ሳን ሚሼል የምንገባው በማግስቱ ነበር። በዚያች ሰዓት ወደ ፓሪስ ብንነሳ በማግስቱ አውሮፕላን ትሳፈር ነበር፤ ሐሙስ ጠዋት አባቷ አጠገብ ትሆን ነበር። ይህን ያሰላሁት ኋላ ላይ ሲጸጽተኝ አይደለም። እዚያው፣ ስልኩን እንደያዝኩ አስልቼዋለሁ። አስልቼ መልእክቱን አጠፋሁት። ስልኩንም ዘጋሁት።

ምን ብዬ አሰብኩ? ሽማግሌ ሰው ሆስፒታል ገብቶ ይወጣል ብዬ? አዎ፣ እንደዚያ ብያለሁ፤ ግን ያልኩት ካጠፋሁት በኋላ ነው። ነገ ማታ እነግራታለሁ ብዬ? እሱንም ብያለሁ። ከማጥፋቴ በፊት ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚህ ድረስ መጥቼማ ሳላየው አልመለስም። እኔ ይህን አሰብኩ።

ስመለስ ነጃት በር ላይ ቆማ ነበር።

«ከቤት ማንም አልደወለም?»

«ኔትወርክ የለም እኮ፣ ገጠር ነው» አልኳት።

«እሺ» ብላ ሻይ አፈላችልኝ።

በማግስቱ ሞን ሳን ሚሼልን አየሁ። ባሕሩ ሸሽቶ አሸዋው ግራጫ ሆኖ ተዘርግቷል። ደረጃውን ወጣን። ያምር ነበር፤ አያምርም ነበር ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። ነጃት ከላይ ሆና አሸዋው ላይ የሚሄዱትን ሰዎች እያየች፣ «አንቺ ባትኖሪ ይሄን መቼ አይ ነበር? አላህ ይስጥሽ» አለችኝ። አሜን አልኩ። ማታም አልነገርኳትም። በቀጣዩም ቀን አልነገርኳትም።

ዓርብ ፓሪስ ተመልሰን ስልኩን ስከፍት ወዲያው ጠራ። እሷ ሱቅ ውስጥ ነበረች፤ እኔ ውጪ።

«የት ጠፋችሁ?» አለ ጀማል። ድምፁ ተዘግቷል። «መልእክቴ አልደረሰሽም?»

«አልደረሰኝም» አልኩት።

«አባዬ ትናንት አረፈ። ቀብረነዋል። በቃ፣ አሁን ሰው አገር መንገድ ላይ እንዳትነግሪያት። አጎታችን ቤት፣ አውሮራ፣ ወግ ባለው መልክ ያረዷታል። እስከዚያ ቻይው» አለኝ።

ነጃት ከሱቁ ለአባቷ የፈረንሳይ ቆብ ገዝታ ወጣች። ራሷ ላይ አድርጋው፣ እንደ እሳቸው ፊቷን ኮስተር አድርጋ አሳየችኝ። ሳቅኩ። ኤፍል ማማ ላይም አብረን ወጣን።

አውሮራ እንደተመለስን አጎቷ ቤት በጠዋት ተረዳች። ሴቶቹ ይዘዋት፣ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ከሰው ሁሉ መሀል ዓይኗ እኔን ፈለገ።

«አውቀሽ ነበር አይደል?»

«ፓሪስ ላይ ነው የሰማሁት» አልኳት።

አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ብቻሽን ተሸክመሽው! እኔን ደስ እንዲለኝ ብለሽ!» ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። አጎቷ፣ «ልጄ፣ እንዳንቺ ያለ ጓደኛ ለሁሉም ይስጠው» አሉኝ። እንድደብቅ የታዘዝኩትን መደበቄን አመሰገኑልኝ፤ ማንም ሳያዘኝ የደበቅኩት ከሥሩ ተሸፈነ። እኔም ምርቃቱን ተቀበልኩ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምናልባት ከራሴ ጋር እኖር ነበር። አላበቃም። ነጃት አባቷ ስሟን እንደጠሩ ሰማች። አንድ ሰው ላይ መቆጣት ነበረባት፤ በጀማል ተቆጣች። «አንድ መልእክት ትቶ ተቀመጠ! ሆቴል አፈላልጎ አይደውልም ነበር? አባቴን የነጠቀኝ እሱ ነው» አለች። ስልኩን ማንሳት ተወች። እሱ በእኔ በኩል ደወለ፤ «ሰኒ፣ አንቺን ትሰማሻለች፣ ገላግይን» አለኝ። እኔ አስታራቂ ሆኜ በመሀላቸው ተቀመጥኩ። አስቡት፤ እኔ! «እሱ ምን ያድርግ፣ ኔትወርክ እኮ ነው» እያልኩ ለመንኳት። አንዲት እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ብናገር ወንድሟን እመልስላት ነበር። አልተናገርኩም። ሲያገባ አልሄደችም። የልጁን ፎቶ ሲልክላት ለእኔ አሳይታኝ፣ መልስ ሳትጽፍ አስቀመጠችው።

ባለፈው ዓመት እናቴ ታመመች። እህቴ ከአዲስ አበባ የደወለችው ለነጃት ነበር፤ እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ስልኬን አላነሳሁም። ነጃት ሺፍቷን ጥላ ሎውሪ የሚባለው ሰፈር ድረስ፣ አዲሱ መሥሪያ ቤቴ መጣች። መኪናዋን በር ላይ ፓርክ አድርጋ ገባች። አልሸፋፈነችልኝም፤ እጄን ይዛ፣ «ሰኒ፣ እማዬ ደክማለች። ትኬት ይዤልሻለሁ። ሻንጣሽ መኪናው ውስጥ ነው» አለችኝ። ኤርፖርት እየነዳችኝ፣ «አንቺ እንደኔ አትሆኚም» አለች። እኔ በመስኮት ውጪውን አይ ነበር። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ «አመሰግናለሁ» አልኩ።

ደረስኩ። እናቴ አወቀችኝ፤ ፊቴን ዳሰሰችው። እጇ እጄ ውስጥ እያለ ዐረፈች። ነጃት ይህን ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ ይህንኑ ነው የወሰድኩባት።

ወጣት ነበርኩ አልልም፤ አልነበርኩም። አላወቅኩም አልልም፤ አውቄያለሁ። እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ እናንተን አልበደልኩም። ይቅር ማለት የምትችለው ነጃት ናት፣ ከእሷም ቀጥሎ ጀማል። እሷ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ እግሯ ይሰማኛል። ደረጃው አጭር ነው። እስካሁን አልወጣሁትም።