ከካርታው ስር ያለው ስልክ

ጭሮ ላይ ታፔላ የሚያስጽፍ ሰው ከዚያድ ሌላ ማንን ይጠራል? ስፌት ቤቱን፣ ሥጋ ቤቱን፣ የጥርስ ሐኪሙን ሁሉ የጻፈው እሱ ነው፤ በአማርኛም በኦሮምኛም። ሥራውን ሲጨርስ ታች ጥጉ ላይ ስልኩን ይጽፋል። ሃያ ዓመት እጁ ስለለመደው ሳያስበው ነው የሚጽፈው።

ያ ስልክ እንጀራው ነው። ከእንጀራም በላይ ነው። ታናሽ ወንድሙ መህዲ ባለፈው ጦርነት ዘምቶ ቀረ፤ ሞተም ዳነም ያለ የለም። መህዲ በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር ያ ብቻ ስለሆነ ዚያድ ስልኩን አይዘጋም። መስጊድ ሲገባ እንኳ ድምፁን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

ዘንድሮ ሬዲዮው እንደገና ጦርነት ጦርነት ማለት ሲጀምር ዚያድ ነደደ። ከበደሳ ጫት የሚያመላልሰው አብዱረዛቅ የአይሱዙውን የኋላ በር «ደስ ያለህን ሳልበት» ብሎት ነበር፤ እሱም ካርታ ሳለበት። ጎረቤት አገሮቹን አውሬ አደረጋቸው፤ አንዱን የጄኔራል ቆብ የደፋ ጅብ፣ ሌላውን የጥይት ሣጥን ላይ ወጥቶ የሚጮህ ዶሮ። የኛይቱን ደግሞ መስታወት ይዞ ጎፈሩን የሚያበጥር አንበሳ አደረጋት፤ ጅራቱ በእሳት ተያይዞ እሱ አልታወቀውም። አቤት የሰው ሳቅ! እስከ አሰቦት ድረስ መኪናውን እያስቆሙ ፎቶ አነሱት።

አይ ዚያድ! ታች ጥጉ ላይ ስልኩን ጽፎበታል።

ሰው ይደውል ጀመር። ገሚሱ ያሞግሰዋል፣ ገሚሱ «ቆይ ብቻ!» ብሎ ይዘጋበታል። ሚስቱ ኩብራ እንቅልፍ አጣች።

«ያ ረቢ! ቀይረው ይሄን ቁጥር፤ ልታስጨርሰን ነው?»

«መህዲስ?» አላት።

በአራተኛው ቀን ከአንድ ቢሮ ተጠራ። ሄደ። ኃላፊው የካርታውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አኑሮታል፤ ግን አልተቆጣም። ዚያድን ይበልጥ ያስፈራው ይሄ ነው።

«አንበሳው ግሩም ነው» አለው። «መስታወቱን አውጣና ጎረቤቶቹን ጥፍሩ ስር አስገባልኝ። እሳቱንም አጥፋው። አደባባዩ ላይ ያለው ግድግዳ ያንተ ነው።»

እምቢ ማለት ነበረበት ትሉኝ ይሆናል። ተቀምጦ ማውራት ቀላል ነው! እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ምን ይላል?

ሳለው። ስልኩን ግን አልጻፈም፤ በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ኃላፊው ሥራውን ሊያይ መጥቶ ጥጉን ተመለከተና ፈገግ አለ።

«ምነው ዚያድ፣ በዚያኛው ላይ ጽፈህ የለ እንዴ?»

ጻፈው። የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ተወላገዱ።

በሳምንቱ ስልኩ ጠራ። የማያውቀው ቁጥር ነው። እንደ ሁልጊዜው ልቡ «መህዲ!» ብሎ ዘለለ። ከመሰላ የደወሉ አንዲት እናት ነበሩ፤ ያለቅሳሉ።

«ልጄ እዚያ ግድግዳ ስር ለዘመቻ ተመዝግቦ ሄደ። ካርታው ላይ ያለው ያንተ ስልክ ነው አሉኝ። ወንድሜ፣ ልጄን የት ወሰዳችሁት?»

ዚያድ ስልኩን መዝጋት አልቻለም።